ጎተራና ሚዛን

ወፍራም ሰው ባለበት ሁሉም ሐኪም ነው። ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ሐኪም ነው፤ ስኳር የሚመዝንለት ባለሱቅ ሐኪም ነው፤ ሁለት ደረጃ ወጥቶ ምላሱን የሚያወጣው ጎረቤት እንኳ ሐኪም ነው። "ትንሽ ቀነስ ብታደርግ ምን አለበት?" ይሉታል፣ ደረጃ ላይ ቆሻሻ ጥሎ እንደሄደ ሰው እየገላመጡት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሰው ወገብ እየለካሁ ነው ያረጀሁት። በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ ገዛ ወገቡ የማይዋሽ፣ በሌላው ወገብ ላይ ደግሞ የማይፈርድ ደንበኛ አላጋጠመኝም። ስለዚህ የጎተራን ታሪክ በለሰለሰ አንደበት እንድነግራችሁ አትጠብቁ።

ስሙን ያወጣሁለት እኔ አይደለሁም። ያወጣለት የገዛ ታላቅ ወንድሙ ነው፣ ገና ልጆች ሳሉ፤ "የሚገባው እንጂ የሚወጣው አይታይም፣ ጎተራ!" ብሎ። እንደ ቀልድ ተጣብቆበት ቀረ። ይኸው አርባን አልፎ፣ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቶ፣ ዛሬም ሕንጻው ሁሉ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ሁሉ ጎተራ ነው የሚለው። እሱም "አቤት" ይላል። አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይሄ "አቤት" ማለቱ ነው። አንድ ቀን እንኳ "አፍህን ዝጋ" ቢል ምን ነበረበት!

ሥራው ተሸካሚነት ነው። ሰው ቤት ሲቀይር ዕቃ የሚያጓጉዝ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ ቁምሳጥን፣ ፍሪጅ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከፎቅ ያወርዳል፣ ወደ ፎቅ ያወጣል። ሰፊ የሸራ ቀበቶ በትከሻው አዙሮ በዕቃው ሥር ያሳልፋል፣ ጉልበቱን አጠፍ ያደርጋል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይነሳል። አያቃስትም፤ አይቸኩልም። አንድ ጊዜ የኔን የብረት ስፌት መኪና ከነጠረጴዛው ከምድር ቤት ሲያወጣልኝ ከኋላው ተከትዬው ነበር። በሬ ላይ ስንደርስ ቁና ቁና የምተነፍሰው ባዶ እጄን የወጣሁት እኔ ነበርኩ። አብረውት የሚሠሩት ጡንቻቸው የተወጠረ ጎረምሶች ከሰዓት በኋላ ግድግዳ ተደግፈው ሲያለከልኩ፣ የመጨረሻውን ሶፋ ለብቻው ይዞ የሚወጣው እሱ ነው። ሸሚዙን የምጠግነው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። የሌላ ተሸካሚ ሸሚዝ በላብ ብብቱ ይበሰብሳል፤ የሱ ግን ቀበቶው የሚያርፍበት ትከሻው ብቻ ነው የሚሳሳው።

ከዚህ ሌላ የማይከፈልበት ሸክም አለው። እናቱ ናቸው።

እማማ የሚኖሩት አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ቤቱ የራሳቸው ነው። እግራቸው ከከዳቸው ቆይቷል። ኩላሊታቸውም ስለማይሠራ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል እየሄዱ ደማቸውን በማሽን ያሳጥባሉ። ሕንጻችን ሊፍት አለው እንዳይባል አይሠራም፣ የለውም እንዳይባል በሩ አለ። በሩ ላይ "ጥገና ላይ" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ወረቀቱ ራሱ ከእርጅናው የተነሳ ጥገና ይፈልጋል። ስለዚህ ጎተራ ነው በጀርባው አዝሎ የሚያወርዳቸው፣ በጀርባው አዝሎ የሚያወጣቸው። እማማም ጀርባው ላይ ሆነው በየፎቁ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ በቅሎ ላይ እንዳለ ሹም። ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ በር ላይ ሲደርሱ፣ "ልብስ ሰፊዋ፣ መጋረጃዬን ዛሬም አልጨረስሽውም? ነፍሴ ሳትወጣ ባየው ደስ ይለኛል" ይሉኛል። እኔም "እርስዎ እንደሆነ ሁላችንንም ቀብረው ነው የሚሄዱት" እላቸዋለሁ። ጎተራ ከሥር ሆኖ ይስቃል። ሲስቅ ጀርባው ስለሚነቃነቅ እማማም አብረው ይነቃነቃሉ።

አሁን ወደ ታላቁ ወንድም ልምጣ፣ ደሜም ይፍላ።

ታላቁ የስፖርት ቤት አሠልጣኝ ነው። ቀጭን፣ ጅማቱ የተገታተረ፣ ሆዱ ከጀርባው ጋር የተጣበቀ ሰው ነው። ብርዱ ሁላችንንም ሲያኮራምተን እሱ በካናቴራ፣ መስኮት ከፍቶ ነው የሚተኛው። አበላሉን ብታዩ! ጠዋት እንቁላል በትሪ፣ ረፋዱ ላይ ዳቦ በማር፣ ምሳ ላይ ሁለት ሳህን ሩዝ በዶሮ፣ ከዚያ ደግሞ ለውዝ በኪሱ። የት እንደሚገባ አይታወቅም። አንድም ሰው ግን "ሆዳም" ብሎት አያውቅም። "ስፖርተኛ ነዋ፣ ያቃጥለዋል" ይባላል። ታናሹ የዚያን ሩብ ሲበላ ግን ዓይን ሁሉ ማንኪያው ላይ ነው።

እማማ እንደነገሩኝ ከልጅነታቸውም እንዲሁ ነበር። እኩል እያደረጉ ሲያቀርቡላቸው ታላቁ የራሱን ጨርሶ ከታናሹ ሳህን ያነሳል፤ እንግዳ ሲመጣ ግን "ኧረ ይሄን ልጅ ከምግብ ያዙት" የሚባለው ታናሹ ነው። ትምህርት ቤት ኳስ ሲጫወቱ ሁልጊዜ በረኛ ያደርጉት ነበር፤ "ጎሉን ይሞላዋል" ብለው። አድጎ አንዲት ልጅ ወዶ ሊያገባት ሲጠይቅ፣ ወንድሟ "ይሄ ሰውዬ የሚያገባው እኅቴን ሳይሆን ጓዳችንን ነው" አለ። ቤቱ ሙሉ ሰው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ ነገሩ በሳቅ ቀረ። ጎተራ ይሄን ሲያወራኝ ራሱም እየሳቀ ነበር። እኔ ግን ያንን ወንድሟን ዛሬም ባገኘው መርፌ ነው የምሰካበት።

አሠልጣኙ ከሚስቱ ጋር እናቱ ቤት ነው የሚኖረው። ሚስቱን እኔ ሚዛን ነው የምላት። ወጥ ቤቷ ውስጥ መዳፍ የምታህል ባለ ባትሪ ሚዛን አለቻት። የባሏን ሩዝ፣ የባሏን ዶሮ፣ ለውዙን ሳይቀር በሷ ሳትለካ አታቀርብም። አሠልጣኙ ለደንበኞቹ የሚሰብከውም ይኸንኑ ነው። "ሰውነት ሒሳብ ነው። የገባው ሲቀነስ የወጣው። የወፈረ ሰው ማለት ሒሳብ የማይችል ሰነፍ ነው።" እንዲህ እየሰበከ ቤቱ ውስጥ ጎተራን የመሰለ ወንድም መኖሩ ያሳፍረዋል። ደንበኞቹ ደረጃ ላይ ሲያዩት "የሕንጻው ተሸካሚ ነው" ብሏቸው ያውቃል። በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እንግዲህ ይሄ አሠልጣኝ በእናቱ ክፍል ላይ ዓይኑን ጣለ። ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ሁለት መስኮት አለው። የመሮጫ ማሽን አስገብቶበት፣ ከሕዝብ ጋር መላብ የማይፈልጉ ሀብታም ደንበኞቹን እዚያ ሊያሠራ አሰበ። እናቱን ደግሞ ከከተማው ዳር ወዳለ የአረጋውያን ማረፊያ ሊወስድ። "ምድር ቤት ነው እማዬ፣ ደረጃ የለው፣ ነርስ አለው፣ ዛፍ አለው" ይላቸዋል። እማማ መልሳቸው አንድ ነው። "ዛፉን አንተ እየው። ጀርባው እስከቻለኝ ድረስ ከቤቴ አልወጣም።"

አሠልጣኙ ያችኑ ቃል ያዘ። "ጀርባው ይችላል፣ ልቡስ? ያን ሁሉ ስብ ተሸክሞ፣ በላዩ ላይ አንቺን! አንድ ቀን ደረጃው መሃል ልቡ ቀጥ ብሎ አብራችሁ ትንከባለላላችሁ" እያለ ማስፈራራት ጀመረ። ጠዋት ይላል፣ ምሳ ላይ ይላል፣ እንግዳ ፊት ይላል። እማማን አላስፈራቸውም። ጎተራን ግን አስፈራው። ሸሚዙን ሊወስድ መጥቶ በር ላይ እንደቆመ፣ "እትዬ፣ ጋሼ የሚለው እውነት ቢሆንስ? ብጥላትስ?" አለኝ።

"አንተ እሳቸውን ከምትጥላቸው እኔ ይሄን ሕንጻ ብጥለው ይቀላል" አልኩት። አልሳቀም።

እማማ በሚታከሙበት ሆስፒታል አንዲት ዶክተር አለች፤ ጡንቻ የተበላውን ምግብ እንዴት ወደ ጉልበት እንደሚለውጥ ነው የምታጠናው። አንድ ቀን ሁለቱ ወንድማማቾች እናታቸው አልጋ ግራና ቀኝ ቆመው ስታያቸው ዓይኗ በራ። ከአንድ እናት፣ ከአንድ ጓዳ፣ አንዱ እንጨት አንዱ በርሜል! "ፈቃዳችሁ ከሆነ ሁለታችሁንም፣ ጡንቻችሁንም ልባችሁንም፣ በማሽን ብመረምራችሁ ደስ ይለኛል" አለቻቸው።

አሠልጣኙ ከመቅጽበት ተስማማ። "በጣም ጥሩ! ማሽን አያዳላም። ማሽኑ ልቡ ደካማ ነው ካለ እናቴ ማረፊያ ትገባለች። ጠንካራ ነው ካለ ግን ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።" ይሄን ያለው ነርሶቹ እየሰሙ ነው፣ እማማን ልጠይቅ የሄድኩት እኔም እየሰማሁ ነው። እማማ "ይሁን" አሉ። የእማማ ቤት እንግዲህ በአንድ የምርመራ ብስክሌት ላይ ተንጠለጠለ።

የምርመራው ቀን የእማማን ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ሄድኩ። ክፍሉ ጠባብ ነው። መሃሉ ላይ የማይሄድ ብስክሌት ተተክሏል፤ አፍና አፍንጫ የሚሸፍን ጭንብል አለ፤ ከጭንብሉ ወደ ማሽን የሚሄድ ወፍራም ቱቦ አለ። ማሽኑ የሚተነፍሱትን አየር እየለካ ጡንቻቸው ምን ያህል ነዳጅ እንደሚፈጅ ይናገራል፤ ደረታቸው ላይ የሚለጠፉት ሽቦዎች ደግሞ የልባቸውን ምት ይመዘግባሉ። ከዚያ በፊት ከሁለቱም ጭን በመርፌ ቅንጣት የምታህል ሥጋ ተወስዳለች። አሠልጣኙ አዲስ ቁምጣ ለብሶ መጥቷል። ጎተራ እኔ የሰፋሁለትን ሱሪ ነው የለበሰው።

"ወንበሩን እንዳትሰብረው፣ የሆስፒታል ንብረት ነው" አለው ወንድሙ።

"እሺ ጋሼ" አለ።

በየተራ፣ እኩል ክብደት በተጫነበት ፔዳል፣ በእኩል ፍጥነት ረገጡ። አሠልጣኙ ብዙም ሳይቆይ ግንባሩ ወረዛ፣ ጀርባው ራሰ፤ ዶክተሯ ማራገቢያውን ወደሱ አዞረችለት። ጎተራ ቁምሳጥን እንደሚያወጣው አድርጎ ረገጠ፤ ቀስ ብሎ፣ ፊቱ ሳይለወጥ፣ ዓይኑን ከእናቱ ሳያነሳ። በመጨረሻ "አሁን አቅማችሁ እስኪያልቅ" ሲባሉ፣ እውነቱን ለመናገር ታላቁ በለጠ። በፍጥነት ማን ይችለዋል! ከብስክሌቱ ወርዶ ጎል እንዳገባ ሰው ሁለት እጁን አነሳ። ሚዛንም አጨበጨበችለት።

ውጤቱን ልንሰማ ተመልሰን ስንሄድ ግን ጭብጨባ አልነበረም። ዶክተሯ ሁላችንንም አስቀምጣ እንዲህ አለችን።

"ጡንቻችን ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። እንደ ምድጃ ቁጠሯቸው። የበላነውን ከተነፈስነው አየር ጋር እያቃጠሉ ጡንቻ የሚሠራበትን ጉልበት ያወጣሉ። ምድጃ ሁሉ ግን እኩል አይደለም።" ወደ አሠልጣኙ ዞረች። "ያንተ ብዙ ያቃጥላል፤ ከወንድምህ ይልቅ ብዙው ሙቀት ሆኖ ያመልጣል። ብዙ በልተህ አለመወፈርህ፣ ብርድ አለማወቅህ አንዱ ምክንያቱ ይሄ ነው። የወንድምህ ደግሞ ቆጣቢ ነው። ለዚያው ሥራ ካንተ ያነሰ ነዳጅ ነው የሚፈጀው። ቀኑን ሙሉ ለሚሸከም ሰው እንዲህ ያለ ጡንቻ መልካም ነው። ችግሩ፣ የተረፈው ነዳጅ የትም አይሄድም። ስብ ሆኖ ይቀመጣል።"

"ሰነፍ አይደለም በይኛ" አሉ እማማ።

"ስንፍናማ አላየሁበትም፣ እናቴ። ውፍረት ግን በአንድ ምክንያት ብቻ አይመጣም። አበላሉም፣ እንቅልፉም፣ የዘር ነገርም አለበት። ልቡ ደህና ነው፣ ይሸከምዎት። ነገር ግን ስኳሩንና ግፊቱን እየመጣ ይታይ። ክብደቱንም ቀስ በቀስ፣ በኛ ምክር፣ ቢቀንስ ለጉልበቱ ይበጀዋል።"

የአሠልጣኙ ፊት ቲማቲም መሰለ። ዕድሜ ልኩን ሲኮራበት የኖረው ሆድ የሱ ጥረት ብቻ ሳይሆን የአባካኝ ምድጃ ሥራም ነው ተባለ፣ ያውም እኔ እየሰማሁ። "ታዲያ እኔ የምሠራው ስፖርት?" አለ። "ለልብህ ጥሩ ነው፣ በርታ" አለችው ዶክተሯ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። እኔ በሳቅ ልፈነዳ ስል እማማ ጉልበቴን ቆነጠጡኝ።

በዚህ አበቃ ብላችሁ ካሰባችሁ አሠልጣኙንና ሚዛንን አታውቋቸውም። ያንኑ ቀን ጎተራ እናቱን ክፍላቸው አስገብቶ ወደ ሥራው ሲወርድ፣ እኔ በር ፊት አስቆሙት።

"ዶክተሯ ክብደትህን ቀንስ ብላለች፣ አይደለም?" አለው አሠልጣኙ። "ቆጣቢ ነህም ብላለች። ቆጣቢ መኪና ትንሽ ነዳጅ ይበቃዋል። ከዛሬ ጀምሮ የምትበላውን ሚስቴ መዝና ትሰጥሃለች። ከዚያ ውጭ አንዲት ቁራሽ ስትበላ ብትገኝ እናቴ በማግስቱ ማረፊያ ትገባለች። ለሷም እንዳትነግራት።"

አፌን አልከፍትም ያለው ሰውዬ!

"ዶክተሯ በኛ ምክር ነው ያለችው እንጂ በሚስትህ ጓዳ መች አለች?" ብዬ በሬን ከፍቼ ወጣሁ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ክርሽን ቋጥሪ" አለኝ።

ጎተራ ሁለታችንንም እያየ፣ "እሺ ጋሼ" አለ። "እማዬ ቤቷ ትቆይልኝ እንጂ፣ እሺ።" አስማሉትም፤ በእናቱ ማለ።

ያን የመሰለ ስሕተት የሚሠራው ሚዛን ያለበት ቤት ብቻ ነው። አሠልጣኙ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ወንበር ላይ ለሚውሉ ደንበኞቹ የሚያወጣውን የምግብ ልክ ወሰደ። ከዚያ ላይ "ይሄ ደግሞ ቆጣቢ ነው" ብሎ ሌላ ቀነሰ። ፍሪጅ ተሸክሞ ለሚውል ሰው! ዶክተሯ "ያነሰ" ያለችው በአንድ ብስክሌት ላይ ነው፤ እነሱ በሰውየው ኑሮ ሁሉ ላይ አወጁት። ጠዋት አንድ እንቁላልና ከወዲያ ወዲህ የምታሳይ ቀጭን ዳቦ፤ ምሳ በላስቲክ ዕቃ የሕፃን እፍኝ የምታህል ሩዝ፤ ማታ ሾርባ፣ እሱም ውኃው ይበዛል። ሚዛኗ ላይ ቁጥሩ አለፍ ካለ በማንኪያ ጫፍ ቆንጥራ ወደ ድስቱ ትመልሳለች። እማማ በክፍላቸው ለብቻቸው ስለሚበሉ አያዩም።

ዳቦ ይዤ ደረጃ ላይ ጠበቅሁት። "አይ እትዬ፣ ምያለሁ" አለኝ። ለእማማ ልናገር ብል እጄን ያዘኝ፤ "እንዳትነግሪብኝ። በኔ የተነሳ ነው ብላ ራሷ እሄዳለሁ ትላለች። ቀጠን ካልኩ ጋሼም ይተወናል።" ምን ይደረጋል? ለእማማ ብነግር እሳቸውን ከቤታቸው አስወጣሁ፤ ዝም ብል ይሄን ሰውዬ አስጨረስኩ። ንዴቴን ይዤ አምስተኛ ፎቅ ወጣሁና ሚዛንን በር ላይ ያዝኳት። "ሰው ነው የምትመዝኚው ወይስ ቅመም?" አልኳት።

"እስቲ ተመልከቺው" አለችኝ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። "አንድ ጣት ቀንሷል? ተደብቆ ይበላል ማለት ነው! ነገ ደግሞ እቀንስበታለሁ።" በሩንም ፊቴ ላይ ዘጋችው። የሰይጣን ቁራጭ!

ቆየት ብሎ ሱሪውን እንዳስተካክልለት አመጣ። ሜትሬን በወገቡ ባዞረው ያው ነው። ወደ ጭኑ ስወርድ ግን ጨርቁ ባዶውን ተንጠልጥሏል። ሆዱ ቦታውን አለቀቀም፤ የቀለጠው እግሩ ነው። ያ ቆጣቢ የተባለው ጡንቻ ራሱ እየተበላ ነበር። ቀና ብዬ አየሁት፤ ግንባሩ ላይ ላብ ነበር፣ ምንም ሳይሸከም። ዓይኑን አሸሸ። "ጠበብ አድርጊልኝ፣ ሲሰፋኝ ያደናቅፈኛል" አለኝ።

ከዚያ የእማማ የሕክምና ቀን መጣ። የጎተራን አረማመድ እንደ ስፌት መኪናዬ ድምፅ ነው የማውቀው። ያን ቀን ከላይ ሲወርዱ ድምፁ ልክ አልነበረም፤ አንድ ይረግጣል፣ ይቆማል፣ አንድ ይረግጣል። ብድግ ብዬ በሬን ስከፍት ጉልበቱ ሲከዳው ደረስኩ። አልወደቀም። በአንድ እጁ የደረጃውን ብረት አንቆ፣ በሌላው የእናቱን ሁለት እጅ ደረቱ ላይ ይዞ፣ በጉልበቱ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከ። ሱሪው ተቀዶ ደም ወጣው። እማማን ጭረት አልነካቸውም።

አሠልጣኙ ከላይ እየዘለለ ወረደ፤ ሚዛን ከኋላው። "አላልኩም? አላልኩም? ልቡ ነው! ማሽኑ ዋሽቷል!" ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ መደወል ጀምሯል። "ዛሬውኑ፣ ከሆስፒታል ቀጥታ ወደ ማረፊያው!"

እማማ ግን ጀርባው ላይ እንዳሉ አፋቸውን ወደ ታናሹ ልጃቸው ጆሮ አስጠጉ። "ልጄ፣ ልብህ ነው? እውነቱን ንገረኝ። ልብህ ከሆነ ዛሬ እሄዳለሁ። እኔን አዝለህ ከምትሞትብኝ እሄዳለሁ።"

ጎተራ ከንፈሩ አመድ መስሏል። ወንድሙን አየ። ደረጃውን አየ።

"ልቤ አይደለም እማዬ" አለ። "ርቦኛል።"

ሚዛን ከት ብላ ሳቀች። አልፈርድባትም ልል ነበር፣ ግን እፈርድባታለሁ። ወፍራም ሰው ይቺን ቃል ሊናገራት አይችልም። ቀጭን ሰው ርቦኛል ሲል ሳህን ይቀርብለታል፤ ወፍራም ሰው ሲል ይሳቃል። ጎተራ ያን ሁሉ ዘመን ሲስቁበት አብሮ የሳቀው፣ ይቺን አንዲት ቃል በቁም ነገር የሚሰማው ሰው እንደሌለ ስለሚያውቅ ነው። ያን ቀን ግን የሚስቅ ከሚዛን በቀር አልተገኘም፤ ሳቋም ደረጃው ላይ ለብቻው ጮኸ።

"ዛሬ ምን በላህ?" አሉ እማማ።

"እንቁላል።"

"ስንት?"

"አንድ።"

"ትናንትስ?"

እኔ ያበጠው ይፈንዳ ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ሚዛኗን፣ መሐላውን፣ ማረፊያውን፣ ጭኑ ላይ የተንጠለጠለውን ጨርቅ። ሚዛን በጩኸት አቋረጠችኝ። "ዶክተሯ ራሷ ናት ያለችው! ቆጣቢ ነው ብላለች!"

"ቆጣቢ ምድጃ እንጨት አይፈልግም ያለሽ ማን ነው?" አሏት እማማ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከዚያ ወደ ታላቁ ዞሩ። "ክፍሌን ፈለግህ። ብትጠይቀኝ እምቢ እልህ ነበር፣ ትጣላኝም ነበር፣ ይሄ ያለ ነው። ልጄን ግን በሳህን ልትገድልብኝ አይገባም ነበር። ቤቱ የኔ ነው። ሳምንቱ ሳያልቅ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡልኝ።"

"እማዬ፣ እኔ እኮ ለሱ ብዬ..."

"ና እዘለኝ። መኪናው እየጠበቀ ነው።"

አሠልጣኙ አዘላቸው፤ ምን ያደርጋል! ሁለተኛ ፎቅ ድረስ እንደ ወንድ ወረደ። ከዚያ በታች እያለከለከ፣ እየቆመ፣ ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ ነበር። እማማ ጀርባው ላይ ሆነው፣ ሕንጻው ሁሉ እስኪሰማ፣ "ቀስ በል ልጄ፣ ልብህን!" ሲሉት ከላይ ሆኜ ሰማሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጎተራን እኔ ቤት አስገብቼ የነበረኝን ሁሉ አቀረብኩለት፤ ዳቦ፣ ድንች፣ የተረፈ ሩዝ። ፊቴን ወደ ስፌት መኪናው አዙሬ አለቀስኩ፣ ከሐዘን ይልቅ በንዴት። ዶክተሯም ስትሰማ ጠረጴዛዋን በመዳፏ መታች። ለሚሸከመው ሸክም የሚመጥን ምግብ አዘዘችለት፤ እየተከታተለችውም ነው። ጭኑ ሱሪውን እንደገና ሞላው። ሆዱም ያው ነው፣ ትንሽ ቀንሶ ይሆናል። ወፍራም ነው። ምን ይሁን?

አሠልጣኙና ሚዛን የለቀቁ ዕለት ነው የመጨረሻውን ያየሁት። ጎተራን አንለምንም ብለው ዕቃቸውን ራሳቸው ያወርዱ ጀመር። ትልቁን ቁምሳጥን በመከራ እኔ ፎቅ ሊያደርሱ ሲሉ፣ ከእኔ በር ከፍ ብሎ ባለው የደረጃ መታጠፊያ ላይ ተሰነቀረባቸው። ወደ ላይ አይመለስ፣ ወደ ታች አይሄድ። አሠልጣኙ ከሥር በትከሻው ደግፎት፣ ሚዛን ከላይ በገመድ ይዛው፣ ከለቀቁት ሰውየውን ይዞት ይወርዳል። ልክ ያኔ ጎተራ የሸራ ቀበቶውን በአንገቱ አንጠልጥሎ ከሥራ ለምሳ መጣ።

"ድረስልን ወንድሜ!" አለው አሠልጣኙ። ወንድሜ ሲለው የመጀመሪያ ጊዜ ነበር የሰማሁት።

ጎተራ ቁምሳጥኑን በዓይኑ ዞረው። ከፊት ያለችውን ጥግ በአንድ እጁ ነካ አድርጎ፣ ከደረጃው ብረት ሥር ጨርቅ ወተፈበትና እንደማይንሸራተት አረጋገጠ። "ምንም አይሆንም፣ እንዲሁ ያዙት" አለ። "ምሳዬን ልብላና እመጣለሁ ጋሼ።"

በተከፈተው በሬ ገብቶ እጁን ታጠበ፣ ተቀመጠ። ሳህኑን አቀረብኩለት። እንደ አሠራሩ ነው የሚበላው፣ አይቸኩልም። ከውጭ የአሠልጣኙ ትንፋሽ፣ የሚዛን ማቃሰት ይሰማል። እሱ ሳህኑን ጨርሶ፣ በዳቦ ጠርጎ፣ ወደኔ ገፋ አደረገው።

"እትዬ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ" አለ።

ጨመርኩለት።